ስም ያለው ቡናና ስም የሌለው ቡና፤ በሲዳማና በጌዴኦ የገበሬው ቡና ግብይት ታሪክ

ስለ ቡና የሚጻፈው ታሪክ ዘወትር የሚጀምረው ከፍየል ጠባቂውና ከፍየሎቹ ጭፈራ ነው። እኛ ያን ተረት ለተራኪዎቹ ትተን ሌላ ነገር ልንመረምር ተነሥተናል፤ ይኸውም አንድ ገበሬ ከጓሮው የለቀመው ቡና ከእጁ ከወጣ በኋላ እስከ ባሕር ማዶ ድረስ የማን ቡና ተብሎ ይጠራል የሚለው ነው። ጥያቄው ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በዛሬው የዓለም ገበያ ምርጡ ቡና ከተራው የሚለየው በጣዕሙ ብቻ አይደለም፤ የት እንደ በቀለ፣ ማን እንደ ለቀመው፣ መቼና እንዴት እንደ ታጠበ ሊነገርለት በመቻሉም ነው። ስለዚህ የስሙ ነገር የዋጋ ነገር ነው፤ የዋጋውም ነገር ከአንድ ሄክታር በታች መሬት ይዞ ለሚኖር ቤተሰብ የዓመት ቀለብ፣ የልጆች ደብተርና የቤት ክዳን ነው። ከአገራችን የቡና ምርት እጅግ የሚበዛውን የሚያቀርቡት እንዲህ ያሉት አነስተኛ ገበሬዎች መሆናቸውን አንባቢ ያስታውስ። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዘመናት «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«ስፔሻሊቲ» የሚለውን ቃል በ1974 በቡና ላይ ያዋሉት ኤርና ክኑትሰን የተባሉ በሳን ፍራንሲስኮ የነበሩ የቡና ነጋዴ ናቸው። አሳባቸውም ልዩ አየርና ልዩ መሬት ያለው ስፍራ ልዩ ጣዕም ያለው ቡና ይሰጣል የሚል ነበር። ዛሬ በቅምሻ ከ100 ነጥብ 80ና ከዚያ በላይ ያገኘ ቡና በዚህ ስም ይጠራል። ቃሉ ይምጣ እንጂ ስፍራና ጣዕም ተያያዥ መሆናቸው ለእኛ አገር ነጋዴ አዲስ ወሬ አልነበረም። አዲስ የሆነው ስሙን ጠብቆ ማድረሱ ነው። የሐረር ቡና በቀድሞው ዘመን ባሕሩን ተሻግሮ በኤደን በኩል ሲያልፍ ብዙ ጊዜ የሚሸጠው በየመኑ ወደብ በሞካ ስም ነበር። የምድር ባቡሩ በ1902 ድሬዳዋ ሲደርስ የቡናው ጭነት በዛ፤ ስሙ ግን ከባቡሩ ጋር አብሮ አልተጫነም።

ወደ ደቡብ ስንመለስ ጌዴኦና ሲዳማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 እስከ 2,000 ሜትርና ከዚያም በላይ ከፍታ ያላቸው፣ ቡናና እንሰት በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር አብረው የሚያድጉባቸው ወይና ደጋ አገሮች ናቸው። የጌዴኦ ባሕላዊ መልክአ ምድር በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው በዚህ የእርሻ ጥበብ ምክንያት ነው። እንሰቱ ለሆድ ነው፤ ቡናው ለገበያ ነው። ቡናው ገንዘብ ማምጣት ሲጀምር ግን ባለመሬቱ ቀርቦ ድርሻውን ጠየቀ። በ1960 የጌዴኦ ጭሰኞች በቡናው ክፍያ ምክንያት ተነሥተው በሚችሌ ላይ ከባለመሬቶችና ከመንግሥት ኀይል ጋር ተጋጥመው ብዙ ሰው አልቋል። ይህን የምንጠቅሰው ለወግ ያህል አይደለም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በዐዋጅ የሕዝብ እስኪሆን ድረስ በዚያ አገር «የማን ቡና» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ የለቃሚው ስም ሳይሆን የባለመሬቱ ስም ነበርና።

በዚያ ዘመን ገበሬው ለገበያ የሚያወጣው በአብዛኛው ጀንፈል፣ ማለት ከነገለባው በፀሐይ የደረቀ ቡና ነበር። ሰብሳቢው ከየመንደሩ በጥቂት በጥቂቱ ይገዛል፤ ለከተማው ነጋዴ ያስረክባል፤ ነጋዴውም አስፈልፍሎ በፈረሱላ፣ ይኸውም በ17 ኪሎ ሒሳብ፣ ወደ አዲስ አበባ ይሰድዳል። የብሔራዊ ቡና ቦርድ በ1957 ሲቋቋም ከተሰጠው ሥራ ዋነኛው የቡናውን ንጽሕናና ደረጃ መቈጣጠር ነበር፤ በውጭ ገበያ በአፈርና በጠጠር የተደባለቀ ቡና የአገሩን ስም ሲያጎድፍ ስለ ታየ ነው። ቦርዱ በዚህ ረገድ የሠራው ሥራ ሊመሰገን ይገባዋል። ደረጃ መስጠት ማለት ግን እንከኑን መቊጠር ነው። በአንድ ናሙና ውስጥ ስንት ጥቁር ፍሬ፣ ስንት የተሰበረ ፍሬ አለ ይባላል እንጂ የማን ጓሮ ነው አይባልም።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ከ1972 ጀምሮ በይርጋ ጨፌ አካባቢና በሲዳማ የማጠቢያ ጣቢያዎች በተተከሉ ጊዜ ነው። ሥራውን ላላየው አንባቢ ባጭሩ እንግለጸው። ቀይ እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን ወደ ጣቢያው ይመጣል፤ በውኃ ላይ የሚንሳፈፈው ደካማ ፍሬ ይወገዳል፤ የቀረው በመፈልፈያው መኪና ቆዳው ይላጣል፤ ፍሬውን የሸፈነው ሙጫ እንዲለቅ እንደ ቦታው ቅዝቃዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን በገንዳ ውስጥ ይብላላል፤ ከዚያም በቦይ ውኃ እየታሸ ይታጠብና ከመሬት ከፍ ብሎ በተሠራ የማድረቂያ አልጋ ላይ ይሰጣል። በአልጋው ላይ ሴቶች ከጥዋት እስከ ማታ ቆመው የተበላሸውን በእጃቸው ይለቅማሉ። በቀትር ይሸፍኑታል፤ ማታም ጤዛ እንዳይነካው እንደገና ይሸፍኑታል። የይርጋ ጨፌን ቡና ዝነኛ ያደረገው የአበባና የሎሚ ቃና በዚህ አሠራር ጠርቶ ወጣ፤ ዋጋውም ከጀንፈሉ ከፍ አለ።

ይሁን እንጂ ከዚህ ለውጥ ጋር አንድ ነገር ተለወጠ፤ እንደምናየው የቡና ታሪካችንን የሚጽፉ ሰዎች በቂ ትኩረት አልሰጡትም። ጀንፈል ይጠብቃል፤ እሸት አይጠብቅም። ጀንፈል ያለው ገበሬ ቡናውን በቤቱ አስቀምጦ ዋጋው እስኪነሣ ወራት ሊቈይ ይችላል፤ ጎተራው ባንኩ ነው። እሸቱን የሚሸጥ ገበሬ ግን ከዛፉ ከወረደበት ሰዓት ጀምሮ ጊዜ ጠላቱ ነው፤ ፍሬው እስከ ማግስቱ ከቈየ መብላላት ይጀምራልና። ስለዚህ የታጠበው ቡና ስምና ዋጋ ሰጠው፤ በምትኩ የመጠበቅ መብቱን ወሰደበት። ከዚያ ወዲህ የገበሬው ጋሻ አንድ ብቻ ሆነ፤ እርሱም በእግሩ በሚደርስበት ርቀት ከአንድ በላይ ገዢ መኖሩ ነው። ስለ ውድድር የሚነገረው ነገር ሁሉ በዚህች በአንዲት ከሰዓት በኋላ ላይ የቆመ ነው ብንል አላጋነንም።

የሒሳቡንም ነገር እንይ። አንድ ኪሎ ለውጭ ገበያ የተዘጋጀ ቡና ለማግኘት ወደ 6 ኪሎ የሚደርስ ቀይ እሸት ያስፈልጋል። በመርከብ የሚጫነው አንድ ኮንቴይነር ባለ 60 ኪሎ 320 ጆንያ፣ ማለት 19,200 ኪሎ ያህል ይይዛል፤ ይህም ወደ 115,000 ኪሎ እሸት ነው። ገበሬው በአንድ ቀን ተሸክሞ ወይም በአህያ ጭኖ የሚያመጣው ከጥቂት ዐሥር ኪሎዎች አይበልጥም። እንግዲህ ገዢው ቅን ቢሆንም እንኳ በአንድ ኮንቴይነር ውስጥ የብዙ መቶ ቤተሰቦች ቡና መደባለቁ የማይቀር ነው። ስለዚህ ለአነስተኛ ገበሬ ቡና ተፈጥሯዊው የስም ወሰን የማጠቢያ ጣቢያው ነው፤ ከእርሱ በታች መውረድ ልዩ ድካም ይጠይቃል፤ ከእርሱ በላይ መደባለቅ ግን ስሙን ማጥፋት ነው።

በደርግ ዘመን ገበሬው ለመንግሥት የግብይት ድርጅት በተወሰነለት መጠንና በተወሰነ ዋጋ እንዲያስረክብ ይደረግ ስለ ነበር ስለ ውድድር የሚባል ብዙ ነገር የለም። ከውጭ የመጣው ለውጥ የባሰ ነበር። ከ1962ቱ ስምምነት ጀምሮ ለየአገሩ ኮታ እየሰጠ ዋጋውን ደግፎ የቈየው የዓለም የቡና ውል በሐምሌ 1989 የኮታውን ክፍል አቋረጠ፤ ዋጋውም ወዲያው ወደቀ። በአገር ውስጥ በ1992 ብር ከ2.07 ወደ 5.00 በአንድ ዶላር ሲወርድና የግል ላኪዎች ሲፈቀድላቸው ገበያው ተከፈተ። ተከፍቶም ብዙ ሳይቈይ በ2001 የዓለሙ አማካይ ዋጋ ለአንድ ፓውንድ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወረደ።

የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየኖች የተነሡት በዚህ ችግር መካከል ነው። የኦሮሚያው በ1999፣ የሲዳማው በ2001፣ የይርጋ ጨፌው በ2002 ተቋቋሙ። አሳባቸው ግልጽ ነበር፤ ሰብሳቢውን፣ አቅራቢውንና ላኪውን ዘልሎ ገበሬው በማኅበሩ በኩል በቀጥታ ለውጭ ገዢ ይሽጥ፤ ትርፉም ይመለስለት። የኦሮሚያው ዩኒየን ከተጣራ ትርፉ 70 በመቶውን ለመሠረታዊ ማኅበራት እንዲመልስ ሥርዓት አደረገ። በምርቱ ጊዜ ከሚከፈለው የመጀመሪያ ዋጋ በኋላ በወራት ልዩነት የሚመጣው ይህ ሁለተኛ ክፍያ በእኛ አስተያየት በዘመናዊው የቡና ታሪካችን ከታዩት ብልሃቶች ሁሉ የበለጠው ነው። ምክንያቱም የጀንፈሉን ጎተራ በሌላ መልክ ይመልስለታልና፤ ቡናው ቢሄድም ዋጋው ገና አላለቀም።

ነገር ግን ማኅበሩ በየዓመቱ የሚሰናከልበት አንድ ድንጋይ አለ፤ ጥሬ ገንዘብ። እሸት የሚገዛው በእጅ በእጅ ነው። የባንኩ ብድር ከዘገየ ወይም በመከሩ መካከል ካለቀ የማኅበሩ ሚዛን ባዶውን ይውላል፤ በመንገዱ ማዶ ያለው የግል ነጋዴ ደግሞ ብር ይዞ ቆሟል። ገበሬው አባል ነኝ ብሎ ቡናውን አያበሰብስም። ከዚህም የባሰ አለ። በክረምቱ ችግር ጊዜ እህል ወይም ብር ተበድሮ ገና ያልደረሰውን ቡና በአበባው የሚሸጥ አለ። ኤሳው ብኩርናውን በምስር ወጥ ሸጠ ተብሎ በሰንበት ትምህርት ቤት ሲተረክልን እንስቅበት ነበር። ኤሳው ግን ርቦት ነበር፤ መጽሐፉም ይህን አልደበቀም። ለምርጥ ቡና ገበሬውን የሚፈልግ ገዢ ሊያስብበት የሚገባው ወር ኅዳር ብቻ ሳይሆን ሐምሌም ነው።

በመካከሉ መንግሥት ስሙን በሕግ ለመያዝ ሞከረ። በ2005 ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋ ጨፌ የሚሉት ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት ሆነው እንዲመዘገቡ ጥያቄ ቀረበ። የአሜሪካ ቡና ነጋዴዎች ማኅበር ስሞቹ የወል መጠሪያ ናቸው ብሎ ተቃወመ፤ ክርክሩ በጋዜጣ ላይ ወጥቶ ብዙ ከተነገረለት በኋላ በሰኔ 2007 ስታርባክስ የተባለው ኩባንያ ከኢትዮጵያ ጋር ስምምነት ፈረመ። ጉዳዩ ትልቅ የሕግ ድል ነበር። ስም ምን ያህል ዋጋ እንደሚያወጣ የፈለገ ሰው ጌሻን ይመልከት፤ ከደቡብ ምዕራቡ የጌሻ አካባቢ በ1930ዎቹ የወጣው ዘር በብዙ አገር ዞሮ ፓናማ ገባ፣ በ2004 በዚያ አገር ውድድር አሸንፎ በፓውንድ 21 ዶላር ተሸጠ፣ ከዚያ ወዲህም ዓለም ጌሻ ሲል በቅድሚያ የሚያስታውሰው ፓናማን ነው። ይሁንና የ2007ቱ ስምምነት የጠበቀው የአገሩን ስም ነው። በስሙ ሥር ያለው ገበሬ በዚያ ወረቀት ላይ አልተጻፈም።

አሁን ብዙ ወደሚያከራክረው ክፍል ደርሰናል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2008 ሥራ ጀመረ፤ በዚያው ዓመት በወጣው ዐዋጅ ቁጥር 602 መሠረት፣ ከዩኒየኖችና ከሰፋፊ እርሻዎች በቀር፣ የውጭ ንግድ ቡና ሁሉ በእርሱ በኩል እንዲያልፍ ተደረገ። ቡናው በየክልሉ መጋዘን ሲደርስ ይቀመሳል፤ የአካባቢና የደረጃ ስም ይሰጠዋል፤ ከእርሱ ጋር ተመሳሳይ ደረጃ ካገኘው ጋር ይደባለቃል። ገዢው የሚገዛው ደረጃውን ነው እንጂ ጣቢያውን አይደለም። የባሕር ማዶ የምርጥ ቡና ገዢዎች ይህን ሲሰሙ ጮኹ፤ ከአንድ የታወቀ ጣቢያ ለዓመታት ሲገዙ የኖሩት ወዳጃቸውን በአንድ ሌሊት አጡና።

ጩኸቱ እውነት ነበረው፤ እኛ ግን ሌላውን ወገን ሳንሰማ መፍረድ አንወድም። ምርት ገበያው የተነሣው ለእውነተኛ በደል መልስ ለመስጠት ነው። ከእርሱ በፊት አቅራቢው ቡናውን አስረክቦ ገንዘቡን ለማግኘት ደጅ ይጠና ነበር፤ ምርት ገበያው ግን በሽያጩ ማግስት ከፈለ። ዋጋው በአዲስ አበባ ያለ ጥቂት ሰው ምሥጢር መሆኑ ቀርቶ በየገጠሩ ከተማ በሰሌዳና በስልክ ታወቀ። ለተራው ቡና ይህ ታላቅ ነገር ነው። ስሕተቱ የተራውን ቡና ሕግ በምርጡም ላይ መጫኑ ነበር። በዚያው በ2008 ጃፓን ከኢትዮጵያ በተላከ ቡና ላይ የፀረ ተባይ መድኃኒት ቅሪት አግኝታ ግዢዋን እጅግ በቀነሰች ጊዜ፣ ነቀፋው ከየት እንደ መጣ ለይቶ ማሳየት አስቸጋሪ ሆነ፤ ጆንያው ተጠረጠረ። ምንጩ ተለይቶ ባልታወቀ ጊዜ የአንዱ ጆንያ ዕዳ የሁሉም ዕዳ ይሆናል። ምርት ገበያው በ2010 ምርጥ ቡና ከነምንጩ የሚሸጥበት ልዩ መድረክ ቢከፍትም ብዙ አልተራመደም።

መንገዱ በእውነት የተከፈተው ዐዋጅ ቁጥር 1051 በ2017 ከወጣ በኋላ ነው። ላኪው ከአቅራቢው ጋር በቀጥታ ተዋውሎ መግዛት፣ አቅራቢውና ገበሬውም ራሳቸው መላክ ተፈቀደላቸው። ጣቢያዎች በስማቸው ተጠሩ፤ ወጣት ላኪዎች ተነሡ፤ የውጭ ገዢዎችም በመከር ጊዜ በአልጋዎቹ መካከል ሲመላለሱ ታዩ። እሸት የሚገዛው ሰው ስለ በዛ የገበሬው ዋጋ ወጣ፤ ይህ ያለ ጥርጥር መልካም ነው። ከውድድሩ የተወለደው ሌላው ልጅ ግን መልካም አይደለም። ጎረቤቱ ቀድሞ እንዳይወስድበት የሚሠጋ ገዢ የቀዩን ፍሬ ብቻ ካላመጣህ ብሎ ለመመለስ አይደፍርም፤ አረንጓዴውንም ቢጫውንም አብሮ ይመዝናል። ለቃሚውም ለይቶ መልቀም ድካም ብቻ መሆኑን ሲያይ ቅርንጫፉን በአንድ እጅ ይገፍፋል። እንደዚህ ባለ ገበያ ዋጋው ይወጣል፤ ጣዕሙ ይወርዳል።

ላኪው ራሱስ ከማን ጋር ይወዳደራል? እዚህ ላይ ከቡና ውጭ የሆነ ነገር ገብቶ ነገሩን አጣመመው። የውጭ ምንዛሪ በጠፋበት ረጅም ዘመን መኪና ወይም ብረት ለማስገባት ዶላር የሚሻ ነጋዴ ቡና በውድ ገዝቶ በውጭ በኪሳራ ይሸጥ ነበር፤ ኪሳራውን በሚያስገባው ዕቃ ላይ ያወጣዋልና። ቡናውን ለቡናነቱ የሚሸጥ ሰው ከእንዲህ ያለው ጋር በዋጋ ሊወዳደር አይችልም። መንግሥት ዝቅተኛ የመሸጫ ዋጋ እየወሰነ ይህን ለመግታት ሞከረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የዚህ አካሄድ ዋነኛ ምክንያት ተዳከመ። ነገር ግን በየካቲት 2025 በኒው ዮርክ የአረቢካ ዋጋ ለአንድ ፓውንድ ከ4 ዶላር ሲያልፍ ሌላ ፈተና መጣ። ተራው ቡና እንዲህ ከተወደደ ገበሬው ለምርጡ የሚደክምበት ልዩነት ይጠብባል፤ አስቀድሞ በዝቅተኛ ዋጋ የተዋዋለ ሻጭም ቃሉን ለማጠፍ ይፈተናል።

በዚህ መካከል የማይረሳ ነገር የሆነው በ2020 ነው። «ካፕ ኦቭ ኤክሰለንስ» የተባለው ዓለም አቀፍ የቡና ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ በኢትዮጵያ ተደርጎ ከ1,400 በላይ ናሙና ቀረበ። አንደኛ የወጣው ከሲዳማ የመጣ የገበሬ ቡና ሲሆን በጨረታ በፓውንድ ከ185 ዶላር በላይ ተሸጠ። ቡናው የተጠራው በገበሬው በራሱ ስም ነበር። አንድ ሽልማት አገር አይቀይርም የሚል ሰው አይጠፋም፤ እኛም ይህን አንክድም። ግን ከዚያ ወዲህ በሲዳማ ቡናውን ለይቶ ለብቻው ማድረቅ የጀመረ ገበሬ ምን ፈልጎ እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም። የሚያደርቀውም ብዙ ጊዜ ከነገለባው ነው፤ ማለት ወደ ጀንፈል ተመልሷል። የአያቱ ጀንፈል ከመሬት ላይ ተሰጥቶ በፈረሱላ ይሸጥ ነበር፤ የእርሱ በአልጋ ላይ ሦስት ሳምንት ያህል እየተገላበጠ ይደርቃል። መጠበቅም እንደገና የእርሱ ሆኗል።

አሁን ደግሞ ስም መጻፍ ግዴታ ሊሆን ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያወጣው ደንብ ወደ አገሩ የሚገባው ቡና ደን ከተመነጠረበት መሬት ያልመጣ መሆኑ በየማሳው አቀማመጥ ምልክት እንዲረጋገጥ ይጠይቃል። ተፈጻሚነቱ ከአንድ ጊዜ በላይ ቢዘገይም በየወረዳው የማሳ ምዝገባ ተጀምሯል። መቶ ዓመት ሙሉ ስሙ ሲጠፋ የኖረው ገበሬ አሁን ከነጓሮው ልኬት ይመዘገባል። መዝገቡን የሚይዘው ላኪው ከሆነ ገበሬው በመዝገቡ ምክንያት የዚያ ላኪ እስረኛ ሊሆን ይችላል፤ ሌላ ገዢ ቢመጣ ማስረጃው በእጁ የለምና። ማኅበሩ ወይም ገበሬው ራሱ ከያዘው ግን ያው ወረቀት በከሰዓት በኋላው ገበያ ላይ ሁለተኛ ጋሻ ይሆንለታል።

ከእኛ መካከል ከዲላ፣ ከይርጋለም፣ ከአለታ ወንዶ የመጡ ተማሪዎች አሉ። በየመሠረታዊ ማኅበሩ ቢሮ የእሸት መረከቢያ ደረሰኝ ጥራዝ ይገኛል፤ ቀኑ፣ የገበሬው ስም፣ ኪሎውና የተከፈለው ብር ተጽፎበታል። ለሚቀጥለው ጥናት በዕረፍት ጊዜ ከእነዚህ ጥራዞች መጀመር ይቻላል።